የሰባት ቀን አይብ

ልጄ ሁለት ዓመት የለፋችበትን ሥራ በአንድ ጠዋት አበላሸሁባት። ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ግን እሷን ለመጉዳት ብዬ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ በአፌ ላስረዳ ስል ግማሹ ሳይነገር ይቀራል። ለዚህ ነው እንደቻልኩ በጽሑፍ ላድርገው ያልኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ልጄ ፊደሉን ታርምልኝ እንጂ ነገሩን እንዳትነካው ለምኛታለሁ።

ጅማ ገበያ ቅቤና አይብ እሸጣለሁ። ሥራውን የወረስኩት ከእናቴ ነው። ዕቃው ከሊሙ ገነት፣ አንዳንዴም ከሰኮሩ በኩል ነው፤ ራሴ በመኪና ሄጄ ከሴቶቹ እጅ እረከባለሁ። በእናቴ ጊዜ አይብ የሚጠቀለለው በኮባ ነበር። ቅጠሉ እሳት ላይ ለብ ለብ ተደርጎ ይለሰልሳል፣ ውስጡ ኮሰረት ይነሰነስበታል፣ አይቡ ውሃው ጠፍፎ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጠቀለልና በዚያው በእንሰቱ ቃጫ ይታሰራል። በኋላ ፌስታል መጣ። ፌስታል ምን ይወጣለታል፤ አይቀደድ፣ አያንጠባጥብ፣ ቅጠል ቁረጡ እሳት አንድዱ አይል። ሁላችንም ገባንበት።

ልጄ የመጨረሻዬ ናት። እዚሁ ከተማ ኮሌጅ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስለ ምግብ ትማራለች። አንድ ሐሙስ ከትምህርት መጣችና መደቤ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣

«ኡሚ፣ ቡላ ፈልጊልኝ። ጥሩ ነጭ ቡላ» አለችኝ።

«ገንፎ አማረሽ?»

«አይ፣ ላስቲክ ልሠራበት ነው። የሚበላ ላስቲክ።»

አጠገቤ ቆጮና ቡላ የምትሸጥ ጓደኛዬ አለች። ከጉራጌ አገር ልጅ ሆና የመጣች ናት። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፤ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ይህን ስትሰማ የያዘችውን ቢላዋ አስቀመጠች።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ተምረሽ ፌስታል ልታበይን ነው?»

«ፌስታል አይደለም እትዬ። አይቡን ጠቅልሎ ሳይበላሽ የሚያቆይ ነው። ሲፈለግ ደግሞ አትፈቺውም፤ ከነመጠቅለያው ትጎርሺዋለሽ።»

«እንግዲያው የባሌንም ምሳ ጠቅልይልኝ። ሳህን ከማጠብ ልገላገል።»

ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። እኔ ግን የተቀመጠ ምግብ እፈራለሁ። ቤቴ ያደረ ወጥ የለም፤ የተረፈውን ለለማኝ እንኳ አልሰጥም፣ እደፋዋለሁ። ልጆቼ «ኡሚ ንጹሕ ናት» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ «ኩሩ ናት፣ ትራፊ አትበላም» ይለኛል። ንጽሕናም ኩራትም አልነበረም። ምክንያቱን ማንም አያውቅም ነበር፤ ባለቤቴም ቢሆን።

ቡላውን ጓደኛዬ ከሰኮሩ በኩል ከመጣው መርጣ ሰጠችን። ልጄ መጀመሪያ የሞከረችው እኛ ቤት በከሰል ምድጃ ነው። ቡላውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ በነጠላ ጨርቅ ታጠልለዋለች፣ በስሱ እሳት እያማሰለች ታበስለዋለች። ወፍሮ መልኩ ማብረቅ ሲጀምር ከፋርማሲ የገዛችውን ግሊሰሪን ጠብ ታደርግበታለች፤ ሲደርቅ እንዳይሰባበር ነው አሉ። ከዚያ ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሳ ታነጥፈዋለች። ሲደርቅ ከጠርዙ ይዛ ትልጠዋለች።

የመጀመሪያው በጋ እንደመታው ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ሁለተኛው ግሊሰሪኑ በዝቶበት እንደ ሙጫ ጣት ላይ ተጣበቀ። በሦስተኛው ቀን ስታማስል አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

«ጓጉሎብሻል። ቡላ እንዲህ አይማሰልም። ማሎ፣ እባክሽ አምጪው።»

ማማሰያውን ተቀበልኳት። እጄ ያውቀዋል፤ የስንት አራስ ገንፎ አገንፍቻለሁ። የዚያን ቀን ያነጠፍነው ሲላጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ወጣ። ልጄ ወደ መስኮቱ ወስዳ በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችው። በሱ ውስጥ ጓሯችን ያለው ኮባ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ፣ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ጉም ውስጥ እንዳለ ሆኖ ታየኝ።

«እጅሽ ከእኔ ይሻላል ኡሚ» አለችኝ።

እሷ በፈረንጅ አፍ ነበር የምትጠራው። እኔ ልባስ አልኩት፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የማማስለው እኔ ሆንኩ።

ቀጥሎ የኮሰረቱ ዘይት መጣ። ኮሌጁ ውስጥ ቅጠሉን በእንፋሎት አፍልቶ ዘይቱን የሚለይ ዕቃ አለ። አንድ ዘምቢል ሙሉ ኮሰረት ተሸክማ ሄዳ በትንሽ ጠርሙስ ታች የተኛች ዘይት ይዛ ትመለሳለች። ኮባ ውስጥ ኮሰረት መነስነሳችን ዝም ብሎ ለሽታ ብቻ እንዳልሆነ፣ አይብ የሚያበላሸውን በዓይን የማይታይ ነገር ዘይቱ እንደሚያዳክመው ነገረችኝ። በሊሙ ኮረሪማም ሞክራ ነበር፤ ሽታው አይቡን ዋጠውና ተወችው። ኮሰረቱም ሲበዛ ይመራል። እስትንፋሷን ይዛ የሚማሰለው ልባስ ላይ በጠብታ ነበር የምትጨምረው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ያችኑ አንድ ጥያቄ እጠይቃታለሁ።

«ሰው ቢታመምስ?»

«ላብራቶሪ አይቼዋለሁ ኡሚ።»

«ላብራቶሪው ልጅ አለው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ማለት ነው?»

«እንዲያው ነው።»

«አንቺ እኮ ውሃም ሰው ይገድላል ብለሽ ነው የምታምኚው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አሁን ያልነገርኳትን ልናገር።

ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። አራት ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ሊሙ ገነት አይብ ልረከብ ሄድኩ። ሁልጊዜ አይብ የምታስረክበኝ ሴትዮ ጎረቤቷ ሞቶባት ለቅሶ ላይ ነበረች፤ ኮባም አልቆረጠችልኝም። መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ይጠራል። አይቡ ገና ለብ እንዳለ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ቋጠርኩትና ሮጥኩ። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ፀሐይ ላይ ቆመን ዋልን። ፌስታሉ ከውስጥ አላበው፤ በእጄ እየዳበስኩ ሳየው ትዝ ይለኛል።

አብዛኛውን በማግሥቱ ሸጥኩ። ቤት አንድ እፍኝ የምታህል ቀረች። በሦስተኛው ቀን ስከፍታት ትንሽ ሸተተችኝ። ትንሽ ነው። መድፋት ነውር መሰለኝ። ኮሰረትና ሚጥሚጣ ጨመርኩባት፣ በቅቤ ለወስኳት፤ ሽታው ጠፋ። ሰኞ ነበር፤ እኔ ጾመኛ ነበርኩ፣ አልቀመስኳትም። ልጄ አይብ ይወዳል። በጣቱ ሳህኑን ጠርጎ ነው የጨረሰው።

ከቀትር በኋላ ያስመልሰው ጀመር። ዓይን ነው አልኩ። ሼኹ ጋ ወስጄ ቁርአን አስቀራሁለት። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ስንደርስ እጁ ቀዝቅዟል። የምታየው ነርስ «ምን በላ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

«ትናንትም ከትናንት ወዲያም ምን በላ እናቴ? አስቢ።»

«ምንም አልበላም። የቤት ምግብ ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። አይብ ነጋዴ መሆኔን ጫማዬ ላይ ያለው ቅቤ የሚናገርብኝ መስሎኝ ነጠላዬን ወደ እግሬ እንደሳብኩ ብቻ አስታውሳለሁ። የከሰዓቱ የአሱር ሶላት ሲቃረብ ልጄ ሞተ። እውነቱን ብናገር ይተርፍ ነበር ወይ? ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ለባለቤቴ ትኩሳት ነው አልኩት። «ኢና ሊላሂ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ አላነሳውም። ልጄም አድጋ ስትጠይቀኝ ትኩሳት ነው አልኳት።

ወደ ልባሱ ልመለስ። ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል የመጨረሻው ሙከራ ደረሰ። አስተማሪዋ አይቡ ኮሌጅ ብቻ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሰው ቤት፣ ያለ ፍሪጅ፣ ተራ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ መታየት አለበት አላት። የእኛ ቤት ተመረጠ። ስድስት ጥቅል በልባስ፣ ሁለት ደግሞ ለማነጻጸሪያ በፌስታል። በእያንዳንዱ ላይ ቀኑ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አሰረች። በሰባተኛው ቀን አይብ የሚያውቁ ሴቶች ይቀምሱታል። ከገበያ ጓደኞቼን ጠራሁላት።

የፌስታሎቹ በሦስተኛው ቀን ሸተቱ። ልጄ ደስ ብሏት ጽፋ ይዛቸው ሄደች። በአምስተኛው ቀን መጥታ በልባስ ካሉት ከጥግ ከጥግ ትንሽ ቆንጥራ፣ ቀዳዳውን በቁራጭ ልባስ ደፍና ሄደች፤ ላብራቶሪ አየችውና ንጹሕ ነው አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። በስድስተኛው ቀን ግን ጓደኛዬ ገበያ ላይ፣

«ነገ የልጅ ልጄንም ይዣት እመጣለሁ። አይብ ካለችበት አትለይም» አለችኝ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ረሳሽው እንዴ? አራት ሞላት።»

በማግሥቱ ጠዋት ልጄ ለቀማሾቹ የሚሆን ወረቀት ልታመጣ ወደ ኮሌጅ ሄደች። ባለቤቴ ልብስ ስፌቱ ጋ ወጥቷል። መደርደሪያው ሥር ቆምኩ። አንዱን አንስቼ አሸተትኩት። የኮሰረት ሽታ ብቻ ነው ያለው። ሌላ ምንም የለም። ሰው ይኼን ሲያይ ይደሰት ይሆናል። እኔን ያስፈራኝ ግን እሱ ነው፤ ያን ሰኞም ሽታውን በኮሰረት ነበር ያጠፋሁት።

ብዙ አላሰብኩም። ዘምቢል አንስቼ ገበያ ወጣሁ፣ የዚያን ጠዋት አይብ ገዛሁ። ልጄ ትርፍ ልባስ በጋዜጣ መሐል እያደረገች በካርቶን ታስቀምጣለች። ስድስት አወጣሁ። እሷ እንዳስተማረችኝ ጠርዙን በእርጥብ ጣት እያጣበቅኩ ጠቀለልኩ፤ እንደ ድሮዎቹም ከጥጋቸው ቆንጥሬ በቁራጭ ልባስ ደፈንኳቸው። ቀን የተጻፈባቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ፈትቼ ወደ አዲሶቹ አዛወርኩ። የድሮዎቹን ጓሮ ወስጄ ኮባው ሥር ቆፍሬ ቀበርኳቸው። አፈሩን በእግሬ ረገጥኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ደጋግሜ ታጠብኩ፤ ከዚያ እንግዳ የምቀበል ሴት ሆኜ ምንጣፍ አነጠፍኩ።

ሴቶቹ መጡ። ልጄ ለእያንዳንዳቸው በትንሽ ሳህን ቆርሳ አቀረበች። አንዷ፣

«ኧረ ይኼ ነገር ጉሮሮ ላይ አይለጠፍም?» አለች።

«አንቺ የባልሽን ነገር ሁሉ ስትውጪ አልተለጠፈብሽ» አለቻት ጓደኛዬ። ለልጅ ልጇም አጎረሰቻት። ሕፃኗ ጣቷን ላሰችና ድገሙኝ አለች።

«የዛሬ ነው እንጂ የሰባት ቀን አይደለም ይኼ» አለች ሌላዋ። «አታሞኙን። አይብ ስሸጥ ነው ያረጀሁት።»

«ወላሂ የሰባት ቀን ነው እትዬ፤ ወረቀቱን እዪው» አለች ልጄ። ፊቷ እንዲያ ሲበራ ከሕፃንነቷ ወዲህ አላየሁም። በእኔ ቤት፣ በእኔ ፊት፣ ስለ እኔ ሥራ ሳታውቅ ማለች። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

የተረፈውን አይብ ኮሌጅ ወስዳ ስንት እንደኮመጠጠ በመሣሪያ ለካችው። ልኩ የመጀመሪያ ቀን አይብ ልክ ሆነ። ልባሱ ያቆየዋል እንጂ ጊዜውን ጨርሶ አያቆመውም፤ ይኼን እሷም አስተማሪዋም ያውቃሉ። ኮሌጅ የተቀመጡት ጥቅሎች በሰባተኛው ቀን ትንሽ ኮምጥጠዋል፣ ትንሽም ደርቀዋል፤ የእኛ ቤቶቹ ግን ገና ዛሬ እንደተሠሩ ናቸው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ እንደገና ለካች። ወረቀት አሳስቼ ይሆናል አለች። ደብተሯን አንሶላ ላይ ዘርግታ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ስትከተል ዋለች።

በሁለተኛው ቀን ዓይኗ አብጦ መጣች።

«አስተማሪዬ ይኼ ቁጥር ተለክቶ አይደለም፣ ተጽፎ ነው አለኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካላስረዳሁት ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ።»

«ኮሚቴ ምን ያደርጋል?»

«ያታለለ ተማሪ ይባረራል ኡሚ።» ቦርሳዋን ምንጣፉ ላይ ጣለችና፣ «እኔ እኮ አልዋሸሁም። የት እንደተሳሳትኩ ነው ያጣሁት። ምናልባት ይኼ ሥራ ለእኔ አይሆንም» አለች።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሻይ ቀዳሁላት። በማግሥቱም አልተናገርኩም። አፌን ስከፍት ያቺ ነርስ «አስቢ» ስትለኝ ይሰማኛል፤ እንደገና «ምንም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ይመጣል። አይቡን ቀየርኩ ካልኩ ለምን ትለኛለች፤ ለምን ካለችኝ ልጁን ማውጣት አለብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ቀብሬ የረገጥኩትን። ሦስት ቀን እንዲህ ሆኜ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ልጄ ጠዋት ስትወጣ የካርቶኑን ልባስ ሁሉ ወደ ቆሻሻው ማዳበሪያ ስትከት አየኋት። አንድ በአንድ እየቀደደች ነበር የምትከተው። ደህና ዋይ እንኳ ሳትለኝ ወጣች።

ሻሼን አሰርኩና ተከተልኳት።

ኮሌጁ በር ላይ ዘበኛው «እናት፣ ወዴት ነው?» አለኝ። «ልጄ ጋ፤ የምግብ ትምህርቱ አስተማሪ ቢሮ» አልኩት። መታወቂያዬን ሰጥቼው ሳይመልስልኝ ልገባ ስል፣ «በሰላም ነው አይደል?» ብሎ ራሱ እስከ ቢሮው ድረስ አደረሰኝ። ልጄ ውስጥ ነበረች፤ ቆማለች። አስተማሪዋን ጎረምሳ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው።

ልጄ ስታየኝ ደነገጠች። «ኡሚ፣ ማን ሞተ?»

አማርኛው ጠፋብኝ። የወጣልኝ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ነኝ፣ አይቡን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ምንም አታውቅም አልኩት። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሳ።

«ሃዳ ኮ፣ ይቀመጡ» አለኝ በእናት ስም ጠርቶ፣ የራሱን ወንበር ስቦ። «ቀስ ብለው ይንገሩኝ። የድሮዎቹ ጥቅሎች የት አሉ?»

«ቀበርኳቸው።»

«ለምን?»

ነገርኩት። ሕፃኗ እንደምትመጣ፣ አራት ዓመቷ እንደሆነ። ያ እንደማይበቃ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ ስለ ሊሙ ገነቱ መንገድ ነገርኩት፣ ስላላበው ፌስታል፣ ስለ ሚጥሚጣውና ስለ ኮሰረቱ። ነርሷ ስትጠይቀኝ ያልኩትንም ነገርኩት። ልጄን አላየኋትም። እስኪርቢቶዋ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ብቻ ሰማሁ፤ አላነሳችውም።

አስተማሪዋ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አላህ ያጽናዎት። ልጅዎ እንዳልዋሸች አሁን አውቄያለሁ፤ ይህን ለሚመለከታቸው እኔ እናገራለሁ» አለኝ። ወደ እሷ ዞረ። «የቤቱ ሙከራ ግን ፈርሷል። ከአዲስ ቡላ፣ ከአዲስ ዘይት፣ ሁሉም እንደገና መሠራት አለበት።»

እንደገና ማለት በዚህ ዓመት ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም ማለት ነው። ይኼን መንገድ ላይ ነው የገባኝ። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላ። እንዲሁ ሰፈራችን ሰቶ ሰመሮ ደረስን። በራችን ላይ ዞር ብላ ሳታየኝ፣

«ትኩሳት ነው ያልሽኝ» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ኮሰረት በጠብታ ስቆጥር አጠገቤ ቆመሽ ዝም ነበር ያልሽው?»

«አዎ፣ ኢንታላ ኮ።» ልጄ ማለቴ ነበር። ገባች፣ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ከዚያ በኋላ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። እንደ አከራይና ተከራይ ሰላም እንባባላለን። የአዲሱን ሙከራ ጥቅሎች የምታስቀምጠው ጓደኛዋ ቤት መሆኑን የነገረችኝ ጫማዋን እያሰረች ነው።

«ተቀይሜሽ አይደለም ኡሚ። ማንም የማይነካው ቤት ስለሚያስፈልግ ነው።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ባዶውን መደርደሪያ ወለወልኩት። ሌላ ዕቃ ላስቀምጥበት ብዬ እስከ ዛሬ አላስቀመጥኩም።

ጓደኞቿ የተመረቁ ዕለት ከተማው በመኪና ጥሩምባ ታውኮ ነበር። ጥቁር ካባ የለበሱ ልጆች በደጃችን አበባ ይዘው ያልፋሉ። እሷ ጓሮ ተቀምጣ ቡላ ታጠልል ነበር። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ አየኋት። ድስቱን ጣደች፣ ማማሰል ጀመረች። ክንዷ ሲደክም ቆም አለች፤ ዞር ሳትል ማማሰያውን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት። እስኪወፍር ድረስ አማሰልኩት።

ሙከራው በዚህ ጊዜ እንደ ደንቡ አለቀ። ሴቶቹ ሌላ ቤት ተጠርተው ቀመሱ። ጓደኛዬ ገበያ ላይ ስታወራኝ፣ «ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል፤ ያኛው ይበልጥ ነበር፤ ግን አይብ ነው፣ ይበላል» አለችኝ። ያኛው ምን እንደነበር ነገርኳት። ቆጮዋን መቁረጥ አቁማ ረጅም ጊዜ እጄን ይዛኝ ተቀመጠች፤ ያን ቀን ደንበኛ ሲመጣ ለሁለታችንም የሸጠችልን ከማዶ ያለችው ሴትዮ ናት።

በበነጋው ዕለተ እሑድ፣ ረፋዱ ላይ፣ ልጄ አንድ ጥቅል በሳህን ይዛ መጥታ ፊቴ አኖረች። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን አነበብኩት። ስምንተኛ ቀኑ ነበር።

«ይኼ ያንቺ ነው። ባትበዪውም አልቀየምም» አለችኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ቆረስኩት። ልባሱ ምላሴ ላይ መጀመሪያ ወረቀት መሰለኝ፤ ከዚያ ለሰለሰ፣ ጠፋ። ኮሰረቱ ቀድሞ መጣ፣ አይቡ ተከተለው። ኮምጠጥ ብሏል። ዋጥኩት። ከዚያ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ።

«ሂጂ ወደ ሥራሽ» አልኳት።

«ሥራ የለኝም» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች።

የዙሁር ሶላት ደረሰ። ሰገድኩና ተመልሼ እዚያው ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ለምሳ ገብቶ ሁለታችንን አየን፤ ምን እንደምንጠብቅ የገባው መሰለኝ፤ ስለ ልጃችን ሞት እውነቱን ነግሬው ነበር። ምሳውን ራሱ አቅርቦ በላና ቀስ ብሎ ወጣ። ልጄ በየመሐሉ «ሆድሽስ?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ። እውነትም ምንም አልነበረም።

የአሱር አዛን ሲጀምር እንባዬ ወረደ።

«አመመሽ?» አለች ደንግጣ።

«አላመመኝም። ደህና ነኝ።»

ደህና በመሆኔ እንደማለቅስ ማስረዳት አልቻልኩም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር፣ ወይ አንድ የኮባ ቅጠል ብቆርጥ፣ ወይ ለነርሷ አንድ ቃል ብናገር፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው የመጣብኝ። ልጄ ሳህኑን ከፊቴ አነሳች። ተመልሳ ስትቀመጥ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው፤ አላራቀችውም።

«ምን ይወድ ነበር?» አለችኝ።

ከዚህ በፊት ስለ እሱ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እንዴት ሞተ ከሚለው በቀር።

«አይብ» አልኳት።